ምዕራፍ አራት፦ የሣር ሲሳይ

በከብት ብዛት ከአፍሪካ አገሮች የሚስተካከላት የሌለ፣ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት ያላት ኢትዮጵያ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናቷ መካከል ከመቶ 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያልደረሰ ሆነው መገኘታቸው፣ ነገሩን በጥሞና ለሚመረምር ሰው ከባድ ጥያቄ ነው። ላሟ በደጅ ታስራ፣ በጉ ከጓሮ እየጮኸ፣ የቤቱ ሕፃን ግን ከእንጀራና ከሽሮ በቀር ሌላ መብል ሳያውቅ የሚያድግባቸው መንደሮች ብዙዎች ናቸው። ድርቁ፣ የከብቱ በሽታ፣ የመንገዱ እጦትና ድኅነቱ ምክንያት መሆናቸው ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ሁሉም እውነት ነው። በዚህ ምዕራፍ ግን ከሁሉ በታች ተረግጦ ስለሚኖረው ስለ ሣር እናወሳለን፤ ለድኻ ቤተሰብ የሚበቃ፣ ዋጋው የማይከብድ፣ ለሰውነትም የሚስማማ ወተትና ሥጋ የሚገኘው፣ በጥቂት ማሳና በጥቂት ከብት የሚተዳደር ባላገር መስኩን ጠብቆ፣ ሣሩንም በወራቱ አጭዶ ሲያበላ መሆኑን አምናለሁና።

የነገሩ ሥር ያለው በላሚቱ ሆድ ውስጥ ነው። የሣሩ አካል በአብዛኛው የተሠራበት ሴሉሎስ የሚባለው ንጥረ ነገር በሰው ሆድ ስለማይፈጭ፣ ሰው በለመለመ መስክ መካከል ቆሞ በረኃብ ሊሞት ይችላል። የሚያመሰኳ እንስሳ ግን፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ለመብል ንጹሕ የሆነውን ከሌላው ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ማመስኳቱ ነውና፣ ባለ አራት ክፍል ሆድ ተሰጥቶታል። ከአራቱ ታላቁ ክፍል፣ በትልቅ ላም ከ100 ሊትር በላይ ሊይዝ የሚችለው ጨጓራ፣ ጠላ እንደ ተጠነሰሰበት ጋን መዓልትና ሌሊት ሳያቋርጥ ይፈላል፤ የሚያፈሉትም በዓይን የማይታዩ፣ ስፍር ቍጥር የሌላቸው ደቂቅ ሕያዋን ናቸው። ላሚቱ በመስክ ስትሰማራ ሣሩን ሳታላምጥ በችኮላ ትውጠዋለች፤ ኋላም ከጥላ ሥር ጋደም ብላ ያንኑ እየመለሰች በቀን እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ታመሰኳለች። ደቂቅ ሕያዋኑ የላመውን ሣር አብላልተው ለላሚቱ ኀይል የሚሆናትን ያወጡላታል፤ ራሳቸውም በዚያው ተባዝተው ወደ አራተኛው የሆድ ክፍል ሲወርዱ ይፈጩና የሥጋዋና የወተቷ ፕሮቲን ይሆናሉ። እንግዲህ ሰው ሊበላው ከማይችለው ነገር፣ ከሰው እህል ሳይሻማ፣ ከሁሉ የተመረጠውን መብል የሚያወጣ ጥበብ በዚህች ፍጥረት ሆድ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። የወተት ዋጋ ርካሽ ሊሆን የሚችልበትም መሠረት ይኸው ነው፤ ላሚቱ በቆሎና ስንዴ ስትቀለብ ከሰው ማዕድ ትወስዳለች፣ ሣር ስትበላ ግን ለሰው ማዕድ ትጨምራለች።

ይሁን እንጂ እነዚህ ደቂቅ ሕያዋን እነርሱም ቀለብ ይሻሉ። የመኖው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ ገደማ በታች ከወረደ ይራባሉ፤ እነርሱ ሲራቡ ደግሞ ጨጓራው የያዘውን ገለባ ማብላላት ይሳነዋል፤ ስለዚህም ከብቱ ሆዱ ሞልቶ ሳለ ሰውነቱ ይከሳል። የጤፍ ጭድና የስንዴ ገለባ ከዚህ ልክ በታች ናቸው። በበጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ በየደጁ የምናያት ጎኗ የገባ፣ ጥጃዋን አጥብታ ለባለቤቷ አንድ ጣሳ ወተት የማታተርፍ ላም፣ ከምግብ ብዛት ይልቅ የምግብ ጥራት የጎደላት ናት። ያገራችን ላም በአማካይ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ታለባለች ሲባል፣ ዘሯን ብቻ የሚወቅሱ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ፍርዱ ግማሹን ያህል እንኳ በዘሯ ላይ ሊወድቅ የሚገባ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ስለ አጨዳ ጊዜ ጥቂት ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ፤ ያለ ገንዘብ ወጪ ብዙ ለውጥ ሊያመጣ የሚችል ነገር ከዚህ የበለጠ አላውቅምና። በደጋው አገር፣ በሱሉልታ ሜዳ፣ በሰላሌ፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ክረምቱ ሲወጣ መስኩ በሣርና በአደይ ይሸፈናል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ወርኃ ጽጌ ብላ በማሕሌት የምታከብረው ወራት ለሣሩም የአበባው ወራት ነው። በዚህ ጊዜ ቅጠሉ ለምለም፣ አገዳው ለስላሳ፣ ፕሮቲኑም ገና ከፍ ያለ ነው። አበባውን አራግፎ ዘር መቋጠር ሲጀምር ግን የቅጠሉ ኀይል ወደ ዘሩ ይሻገራል፤ ዘሩም ሲረግፍ ይዞት ይሄዳል፤ በሜዳ የሚቀረው አገዳ ሊግኒን በሚባለው፣ እንጨትን እንጨት በሚያደርገው ነገር ይጠነክራል። በኅዳር አጋማሽ የታጨደ ድርቆሽ ሲታይ ክምሩ ትልቅ፣ ሲሸከሙት ከባድ ነው፤ ለላሚቱ ግን ከጭድ የሚሻለው በጥቂቱ ብቻ ነው።

አብዛኛው ባላገር አጨዳውን እስከዚያ የሚያዘገየው ከስንፍና የተነሣ ነው ማለት ፍርድ ማጉደል ይሆናል። በመስከረም መጨረሻ ዝናሙ ገና አላባራም፤ የታጨደ ሣር ሳይደርቅ ዝናም ቢመታው ይሻግታል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በአረምና በአዝመራ ጥበቃ ተይዟል፤ ድርቆሽም በገበያ የሚሸጠው በጥራቱ ሳይሆን በብዛቱ ስለ ሆነ ቀድሞ ያጨደ ሰው የሚያተርፍ አይመስልም። ስለዚህ ሁሉንም መስክ በአንድ ጊዜ አጭዱ ማለት ከንቱ ምክር ነው። የሚቻለው ግን ይህ ነው፦ ከመስኩ አንዱን ክፍል፣ ለምትታለበው ላምና ለጥጃዋ የሚበቃውን ያህል፣ ለይቶ በጥቅምት መጀመሪያ ማጨድ፤ ጸሓይ በሚወጣበት ቀን እያገላበጡ ሁለት ሦስት ቀን ማድረቅ፤ አረንጓዴ መልኩን ሳይለቅ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ከምሮ ከላይ መክደን። የቀረው መስክ እንደ ልማዱ ቆይቶ ታጭዶ ለበሬውና ለአህያው ይሁን። በሬ ከእርሻ ወራት ውጭ ቆሞ የሚበላበት ጊዜ ብዙ ነውና የኅዳሩ ድርቆሽ ይበቃዋል፤ የምታጠባና የምትታለብ ላም ግን አይበቃትም።

በእርከኑ ላይ አፈሩን እንዲይዝ የሚተከለው፣ ከአገራችን ከጋሞ ደጋ የተገኘው ደሾ ሣርም ቦታ ሳይሻማ ለከብት ቀለብ ይሆናል። በአጥር ዳር የሚተከል ሰስባኒያ ቅጠሉ ፕሮቲን የሞላበት ስለ ሆነ፣ ከጭድ ጋር ጥቂት ጥቂት ሲሰጥ የደቂቅ ሕያዋኑን ረኃብ ያስታግሣል። የኑግ ፋጉሎም እንደዚሁ ይረዳል፤ ነገር ግን አደጋ አለበት። እርጥበት ባለበት ጎተራ የተከማቸ ፋጉሎ ሻጋታ ያበቅልና አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያፈራል፤ መርዙም በላሚቱ አካል አልፎ ወደ ወተቷ ይገባል። ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ ዙሪያ ሰብስበው የመረመሯቸው 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ይህ መርዝ የተገኘባቸው መሆኑና ምንጩም በተለይ የኑግ ፋጉሎ መሆኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በታተመ ጥናት ተገልጧል። ወተቱን ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። በከተማ ዳር መስክ የሌለው ከብት አርቢ በፋጉሎና በፉርሽካ ብቻ ላሙን ለመቀለብ ሲገደድ፣ በወጪው ላይ ይህም ሥጋት ይጨመርበታል፤ ንጹሕ ሣር ያለው የገጠር ባላገር ከሁለቱም የራቀ ነው።

መስክን መጠበቅ ለአገራችን ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። በመንዝ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የአካባቢው ተወላጆች በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ምድሩ ሣሩ እስኪበረታ ድረስ ከግጦሽና ከአጨዳ ሁሉ ይዘጋ ነበር፤ ሲከፈትም የሁሉም ድርሻ በሥርዓት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት በርስትነቱ ምክንያት አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን ነገሩን ፈጽሞ አልተወውም፤ ኋላ በአዲስ መልክ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተቋቁሞ ዛሬም ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የሚኖሩበት ለምለም ምድር ነው። ሌላው የጋራ ግጦሽ፣ ባለቤት የሌለው መስሎ ሁሉም ከብቱን በክረምት መካከል፣ ምድሩ ረግረግ ሳለ እየለቀቀበት ወደ ጭቃና ወደ ቦረቦር በተለወጠበት ዘመን፣ የጓሳ ሰዎች ሳይንስ ተምረው ሳይሆን ከአበው በወረሱት ዕውቀት ሣር ማረፍ እንደሚሻ ያውቁ ነበር።

ወደ ወተቱ ስንመጣ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ 30 ግራም ያህል ፕሮቲንና ከ1000 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም ይገኛል። ያገራችን ላም ወተት ቢያንስም ቅባቱ ከመቶ 5 እጅ ገደማና አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ስለ ሆነ ከፈረንጅ ላም ወተት ይወፍራል። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ይጎድላቸዋል፤ ወተት ግን ይህ ሞልቶ የተረፈው ስለ ሆነ፣ ከእንጀራ ወይም ከገንፎ ጋር የተሰጠ አንድ ኩባያ ወተት ራሱን ብቻ ሳይሆን እህሉንም ያበረታዋል። ሽሮና ምስር የላይሲኑን ጉድለት በከፊል ይሞላሉ፤ ለደምና ለነርቭ እጅግ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ 12 ግን በዕፀዋት ውስጥ ስለማይገኝ፣ ሕፃኑ ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣ ወይም ከሥጋ ካላገኘው ከሌላ ወዴትም አያገኘውም። ይህን ቫይታሚን የሚሠሩት ደግሞ እነዚያው በላሚቱ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ሕያዋን ናቸው። ከለምለም መስክ የመጣ ወተት ካሮቲኑ ስለሚበዛ ቅቤው ቢጫ ይሆናል፤ ከክረምት በኋላ የተናጠው ቅቤ ከበጋው ይልቅ ወርቃማ መሆኑን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ ኦሜጋ 3 የሚባለው ለልብ የሚበጀው ስብም ሣር ከበላች ላም ወተትና ሥጋ ውስጥ እህል ከተቀለበችው ይበልጣል።

ስለ ጾም አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ከፍስክ ይከለከላሉ፤ በእነዚህም ቀኖች የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል። ባላገሩ ግን ለዚህ ከጥንት ጀምሮ መፍትሔ አለው፦ ወተቱ ይረጋል፣ እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ተነጥሮ እስከ ፋሲካና ከዚያም በኋላ ይቀመጣል፣ አሬራውም ለብ ተደርጎ አይብ ይሆናል። ቅልና ጮጮ በወይራ ጭስ መታጠናቸው ጣዕም ለመስጠት ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ተውሳኮችን ስለሚገታ የወተቱን መበላሸት ያዘገያል። (ቢሆንም ወተት ሳይፈላ ሊጠጣ አይገባውም፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ።) ደግሞም ዐቢይ ጾም የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ መስኩ ደርቆ ላሞች እጅግ ጥቂት በሚታለቡበት ወራት ስለ ሆነ፣ የጾሙና የመስኩ ሥርዓት በአንድ በኩል የተስማሙ ናቸው። የሚያሳዝነኝ ግን፣ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትንና ሕሙማንን ጹሙ ሳትል፣ አንዳንድ እናቶች የማብሰያው ዕቃ በፍስክ እንዳይነካ በመፍራት ብቻ የሁለት ዓመቱን ልጅ ወተት መከልከላቸው ነው። ለሕፃኑ የተለየች አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ኩባያ ይህን ጭንቀት ሁሉ ታስወግዳለች፤ የንስሐ አባቶች ይህን በየቤቱ ቢናገሩ ከብዙ ሐኪም ምክር ይልቅ ይሰማል።

ስለ ዋጋ ስንናገር፣ መኖውን ሁሉ በገንዘብ የሚገዛ ከብት አርቢ ከወጪው ግማሽ በላይ የሚሆነው ለመኖ ይሄዳል። የራሱ መስክና የራሱ ጭድ ያለው ባላገር ይህን ወጪ አያውቅም፤ የሚወጣው ጉልበቱ ነው። ላሚቱ ደግሞ ወተት ብቻ አትሰጥም፦ ፍግዋ ለማሳው፣ ወይፈኗ ለእርሻው ነው። እንግዲህ የገጠር ወተት በከተማ የሚወደደው ከመስኩ እስከ ጠጪው ባለው መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በፍቼ ዙሪያ የሰላሌ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የጧቱን ወተት ወደ መሰብሰቢያው ያስረክባሉ፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት መንደር የማታው ወተት በአብዛኛው አይሰበሰብምና በቤት ይረጋል፣ ለቅቤም ይውላል። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ግን እስከ 20 ሊትር ወተት ያስፈልጋል፤ በየመሰብሰቢያው አንድ ማቀዝቀዣ ቢኖር ለአንድ ከተማ ስንት ኩባያ እንደሚተርፍ አንባቢ ራሱ ይገምት።

መንግሥትና የውጭ ረድኤት ለወተት ጉዳይ መድከማቸው አልቀረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች አመጣ፤ በ1960 በሾላ የወተት ማዘጋጃ በዩኒሴፍ እርዳታ ተቋቋመ፤ ከ1967 ጀምሮም በአሰላ የስዊድን መንግሥት የረዳው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የአርሲን ላም ከፈረንጅ ኮርማ ጋር እያዳቀለ ለገበሬዎች ጊደር አከፋፈለ። የተዳቀለች ላም ካገራችን ላም ብዙ እጥፍ ልትታለብ ትችላለች፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ብዙ የሚታለብ ብዙ ይበላልና፣ በኅዳር የታጨደ ድርቆሽና ጭድ ብቻ በሚያገኝ ቤት የገባች የተዳቀለች ጊደር በሁለት ዓመት ውስጥ ከስታ፣ ጥጃ መያዝም ተስኗት ትገኛለች። በመጀመሪያ ሣር፣ ከዚያ በኋላ ዘር ቢባል ኖሮ ብዙ ድካም ይተርፍ ነበር።

ስለ ሥጋ ነገሩ ያጥራል። የመንዝ በግ በቁመቱ ትንሽ፣ በላቱ ወፍራም፣ ብርዱንና ቀጭኑን ግጦሽ የሚችል ሲሆን፣ ጸጉሩም ለባናና ለዝተት ይፈተላል፤ እንዲህ ያለ በግ አንድ ቤተሰብ ያለ ብዙ ወጪ ሊያረባው የሚችል ሀብት ነው። በሐረርጌ ደጋ ደግሞ ገበሬው አርሶ ያደከመውን በሬ፣ ከማሳው የሚሳሳውን የማሽላና የበቆሎ ቡቃያ ከሣር ጋር በእጁ እያበላ ለወራት ያደልበዋል፤ ይህ የሐረር ሰንጋ በአዲስ አበባ ገበያ ስመ ጥር ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ብሂልም ብርዱን ብቻ አያስታውስም፤ ከብቱ የክረምቱን ሣር ጠግቦ የሚሰባበት ወራት ነው።

ሥጋ ለድኻ የሚደርስበትን መንገድ ግን አገራችን ከቶ ከማንም አልተማረችውም፤ እርሱም ቅርጫ ነው። በፋሲካ፣ በገና ወይም በመስቀል ዋዜማ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው፣ ሽማግሌዎች ገበያ ወጥተው ሰንጋውን ራሳቸው ከባለቤቱ ይገዛሉ፤ ሉካንዳም፣ ደላላም፣ ማቀዝቀዣም በመካከል የለም። ሰንጋው በደጅ ታርዶ ሥጋው በመደብ ሲደለደል፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከአጥንቱም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሳል፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ የሚለየው ዕጣ ነው። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች እጅግ የሚሹት ብረትና ቫይታሚን ኤ ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው በጉበቱ ነውና፣ ይህ አከፋፈል ሳያውቀው ከሐኪም ትእዛዝ ጋር የተስማማ ነው። ሙሉ መደብ ለመግዛት አቅም ያነሣት ባልቴት ከጎረቤቷ ጋር ተጣምራ ግማሽ ትወስዳለች፤ ገንዘቡም ለጊዜው ቢጎድልባት እህል እስክትሸጥ ድረስ ይጠብቋታል።